እግር ያላቸው ቤቶች

ባንኮክ የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። እንደ ብዙ ሐበሻ ዘመድ ላሳክም ነው። አጎቴን ይዤ ሄድኩ፣ ምርመራው አለቀ፣ ከዚያ ውጤቱን አምስት ቀን ጠብቁ ተባልን። እሳቸው ከሆቴሉ አልጋ መነሳት አልፈለጉም። «አንተ ዙር፣ ፎቶ አንስተህ ታሳየኛለህ» አሉኝ። እኔ ገበያ አይሆንልኝም፤ የድሮ ቤት ግን ነፍሴ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት አሶክ ነው። ባቡሩ ከአናትህ በላይ የሚያልፍበት፣ ፎቅ በፎቅ የሆነ ሰፈር። እዚያ መሃል፣ ሲያም ሶሳይቲ የሚባለው ማኅበር ግቢ ውስጥ፣ ካምቲየንግ የሚሉት፣ ቲክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ ቤት በምሰሶዎቹ ላይ ቆሟል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው፤ ግን እዚህ አይደለም፣ ሰሜን ቺያንግ ማይ፣ ፒንግ ወንዝ ዳር እንጂ። ባንኮክ የገባው በ1960ዎቹ ነው። 700 ኪሎ ሜትር ገደማ! እኔ አንድ ቁምሳጥን ከኮንዶሚኒየም ኮንዶሚኒየም ሳዛውር ያየሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ጂም ቶምሰን ቤት ስሄድ ነው። ሰውየው አሜሪካዊ የሐር ነጋዴ ነበር፤ ስድስት አሮጌ ቤቶች፣ ከፊሎቹን ከድሮዋ ዋና ከተማ ከአዩታያ፣ አስመጥቶ በ1959 ቦይ ዳር አስገጣጠመና ገባባቸው። (በ1967 ማሌዥያ ውስጥ እንደወጣ ቀረ፣ እስከ ዛሬ የገባበት አልታወቀም።) የታይ ቤት እንደኛ ጭቃ ቤት ከቆመ በኋላ የሚመረግ አይደለም። ግድግዳው መሬት ላይ በየገበታው ተሠርቶ ያልቅና ተነስቶ ምሰሶው ላይ ይገጠማል፤ ሚስማር የለም፣ የእንጨት ችንካርና መጋጠሚያ ብቻ። ስለዚህ ይፈታል፣ ይጫናል፣ ሌላ ቦታ ይቆማል። ዶርዜዎች የቀርከሃ ቤታቸውን ምስጥ ሲበላባቸው ተሸክመው ሌላ ቦታ ያኖሩት የለ? እነዚህ ደግሞ ፈትተው ነው የሚሸከሙት። ጂም ቶምሰን እንዲያውም ግድግዳዎቹን ገልብጦ አስገጠማቸው፤ በውጭ በኩል የነበረው ገጽ አሁን ሳሎኑን ያያል።

ግድግዳ ግድግዳ ሳይ ደፉን ረሳሁት። ጫማ ይወለቃል፣ በካልሲ ነበርኩ፣ አውራ ጣቴ እሳት ሆነ። ደፉ ሆን ተብሎ ከፍ ያለ ነው፤ ገበታዎቹን ያያይዛል፣ ሕፃን ድኾ እንዳይወጣም ይከለክላል። መርገጥ ነውር ነው፣ ይታለፋል እንጂ። እኔ ረገጥኩም፣ ተመታሁም።

ከሁሉ የወደድኩት የቤቱን ሥር ነው። የታይላንድ ማዕከላዊ ሜዳ በክረምት በጎርፍ ስለሚዋጥ ቤቱ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ውሃ በሌለበት ጊዜ ሥሩ ጥላ ነው፣ ጎሽ የሚታሰርበት፣ ሸማ የሚሠራበት፣ ጀልባ የሚቀመጥበት። በወለሉ ሳንቃዎች መሃል ክፍተት አለ፣ ነፋሱ ከሥር ይመጣል። በዚያ ሙቀት ቬንቲሌተር አላማረኝም።

በሌሊት ባቡር ቺያንግ ማይ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲው የሰሜኑን፣ የላናን ቤቶች ከየመንደሩ አምጥቶ በአንድ ግቢ ተክሏቸዋል። ልዩነቱ ወዲያው ያስታውቃል። የማዕከላዊው ቤት ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ይላል፤ የላናው ግድግዳ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ብርድ ስላለ መስኮቱ ትንሽ ነው። ጣሪያው ጫፍ ላይ ሁለት የተቀረጹ እንጨቶች እንደ ቀንድ ይጠላለፋሉ፣ ካሌ ይሏቸዋል። ከመኝታ ቤቱ በር በላይ ደግሞ ሃምዮን የሚባል የተቀረጸ ጉበን አለ። «ሃም» በሰሜኑ ቋንቋ የወንድ... በቃ፣ ቆለጥ ነው። የቤቱ ጌታ ኃይል እዚያ ያድራል ይባላል፤ ቤቱ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ኃይል ለመስበር ጉበኑን ይደበድበዋል።

ደቡብ አልደረስኩም። እዚያ እርጥበቱ ስለሚበዛ ምሰሶው አይቀበርም፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

አሁን በቲክ አዲስ መሥራት ቀላል አይደለም። ከ1988ቱ የደቡብ ጎርፍ በኋላ መንግሥት በ1989 ከተፈጥሮ ደን እንጨት መቁረጥን ከለከለ። ስለዚህ የአሮጌ ቤት እንጨት ውድ ነው፣ ቤቱ እየተፈታ ይሸጣል።

ማታ ተመልሼ ፎቶዎቹን ለአጎቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄ ጎተራ ነው» አሉ። ቤት ነው አልኳቸው። ሁለተኛውንም፦ «ጎተራ።» በእግር የሚቆም እኛ አገር ጎተራ ነው፣ ሰው ምን ሊሆን እዚያ ላይ ይወጣል? ሰባተኛው ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። እሱ በእውነትም የሩዝ ጎተራ ነበር።