የሚሸጠው ቤት ለምን አይሸጥም?

ሰሞኑን የቤት ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ቤት ወረደ አይደል?» ሊገዛ ያሰበ በተስፋ ይጠይቃል፤ ሊሸጥ ያሰበ ደግሞ በስጋት። እኔ ግን ከዋጋው ይልቅ ሌላ ነገር መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ቀድሞ የሚወርደው ዋጋ አይደለም፤ የሽያጩ ብዛት ነው። ቤቶች ሳይሸጡ ይከርማሉ። የደላላ ስልክ ዝም ይላል። የሚጠራው ዋጋ ግን ፍንክች አይልም። ዋጋ ብቻ ጠይቆ የሚመለስ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር ያለ አይመስለውም። ገበያው ግን ከቆመ ሰነባብቷል።

ይህ በደንብ የገባኝ ከአንድ ጎረቤታችን በር ላይ ነው። በብረት በሩ ላይ መጀመሪያ የተለጠፈው ወረቀት «የሚሸጥ ቤት» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ «ደላላ አይደውል»። ቀለሙ በፀሐይ ሲለቅ ሌላ ተለጠፈ። በአዲሱ ላይ «ደላላ አይደውል» የሚለው ቀርቷል። ቀጥሎ የመጣው «ዋጋ በድርድር» የሚል ጨመረ። አሁን ያለው ወረቀት «በአስቸኳይ» ብሎ ይጀምራል፤ በቀይ፣ በትልልቅ ፊደል። አንዱ በአንዱ ላይ ስለተለጠፈ የድሮዎቹ ጠርዝ በማዕዘኑ በኩል ይታያል። ባለቤቱ ዋጋ ይቀንሱ አይቀንሱ ከውጭ አይታወቅም። ትዕግሥታቸው እያለቀ መሆኑ ግን እዚያው በሩ ላይ ይነበባል።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤቱን ሸጠው ልጃቸው አካባቢ ቀረብ ማለት ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ አግኝቻቸው «ጋሼ፣ ገዢ አልመጣም እንዴ?» አልኳቸው።

«መጥቶ ነበር። የገዛሁበትን እንኳን አልደፈረም» አሉኝ።

«ትንሽ ቢቀንሱስ?»

«የለፋሁበትን ቤት በኪሳራ ልስጥ? ይቀመጥ። አይበላ፣ አይጠጣ።»

ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ዴቪድ ጀነሶቭ እና ክሪስቶፈር ሜየር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ በቦስተን መሀል ከተማ ለሽያጭ የቀረቡ አፓርታማዎችን አጥንተው በ2001 ውጤቱን አሳትመዋል። ከገዙበት ዋጋ በታች ለመሸጥ የተቃረቡ ባለቤቶች፣ ተመሳሳይ ቤት ካላቸው ሌሎች ይልቅ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠሩ ነበር። ቤታቸውም ሳይሸጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሲሸጥላቸው ግን በመጠኑ የተሻለ ዋጋ ያገኛሉ። ስለዚህ ጋሼን «ግትር ናቸው» ብዬ ማለፍ አልችልም። መጠበቅ የሚችል ሰው ሲጠብቅ የሚያገኘው ነገር አለ።

በእርግጥ ባዶ ቤትም ይበላል። ግብር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ ጣሪያው ያፈሳል። ብድር ካለበት ወለዱ ሌት ተቀን ይቆጥራል።

እኔን የሚያሳዝነኝ መጠበቅ የማይችለው ነው። ከሥራ የተፈናቀለ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ቤተሰቡ የታመመበት፣ ባንክ ሐራጅ ሊያወጣበት ቀን የቆረጠለት። ሌላው ሁሉ ቤቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ገበያ የሚወጡት እነዚህ ናቸው። የሚሸጡት ደግሞ ገዢ ባለው ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ ባንክ የጎረቤትን ቤት ሲገምት የሚያየው እነሱ ተቸግረው የሸጡበትን ዋጋ ነው። አንድ ሰው ጨንቆት የሸጠበት ዋጋ የመንገዱ ሁሉ ዋጋ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቤቱን ለመሸጥ ጨርሶ ያላሰበ ሰው እንኳን አንድ ቀን ብድር ሊያድስ ሄዶ ዕዳው ከቤቱ ግምት እንደበለጠ ይነገረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በአሜሪካ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተበዳሪዎች እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ሌላ ከተማ ቢያገኝም መሄድ ይቸግረዋል። ቤቱን ቢሸጥ እንኳን ልዩነቱን ከኪሱ መሙላት ሊኖርበት ነው።

ገዢውስ? ገዢውም የራሱ ምክንያት አለው። ዛሬ ገዝቶ ነገ ቢወርድስ? ስለዚህ ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ ሻጩ ሌላ ቤት መግዣ አያገኝም። ያም ሻጭ በተራው ሊገዛው ያሰበው ቤት ሳይሸጥ ይቀራል። አንድ ገዢ እጁን ሲሰበስብ ሦስት አራት ቤት አብሮ ይቆማል። በዚያ ላይ ባንኮች ብድር ያጠብቃሉ፤ ከኪስ የሚፈለገው ክፍያ ይጨምራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። መግዛቱን ያዘገየ ሰው የሆነ ቦታ መኖር አለበት፤ ስለዚህ ይከራያል። የቤት ዋጋ ቆሞ ወይም ወርዶ ሳለ ኪራይ ሊጨምር የሚችለው በዚህ ነው። ተከራይ «ቤት ረከሰ» ሲባል ሰምቶ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር የአገር አማካይ ነው። «የቤት ዋጋ በዚህን ያህል በመቶ ወረደ» ይባላል፤ ሰው ሁሉ ያንን ቁጥር የራሱ ሰፈር ላይ ይለጥፋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 በነበረው ድቀት የአገሪቱ አማካይ የቤት ዋጋ ከሩብ በላይ ወርዷል። ላስ ቬጋስ ላይ ግን ከ60 በመቶ በላይ ነው የወረደው። ዳላስ ላይ 11 በመቶ ገደማ ብቻ። ያው አንድ አገር፣ ያው አንድ ዘመን ነው። ላስ ቬጋስ ነገ አትርፎ ለመሸጥ በሚገዛ ሰው ተሞልታ ነበር፤ ግንባታውም ያለ ልክ ነበር። ዳላስ ላይ ዋጋው ቀድሞም ያን ያህል አልተሰቀለም። ዳላስ ባለችበት በቴክሳስ ግዛት ቤትን አስይዞ ተጨማሪ ገንዘብ መበደርም በሕግ የተገደበ ነበር። ብዙ ያልወጣው ብዙ አልወረደም። በአንድ ከተማ ውስጥም ቢሆን ለሥራና ለመጓጓዣ የቀረበው ሰፈር ይጸናል፤ በጥድፊያ የተሠራው ዳር ዳሩ ይጎዳል። አየርላንድ ላይ ዋጋው እ.ኤ.አ. ከ2007 በኋላ ባሉት ዓመታት በግማሽ ያህል ሲወርድ፣ መንግሥት በ2010 ያልተጠናቀቁ የመኖሪያ መንደሮችን ቢቆጥር ከ2,800 በላይ ሆነው ተገኙ። መብራት የሌለው መንገድ፣ ፍሳሹ ያልተሠራ ሰፈር፣ ከሃያ ቤት ሁለቱ ብቻ ሰው የገባባቸው። እነዚያ ሁለት ቤተሰቦች ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሳይሠራ የተሸጠ ቤት ነው። ገበያው ሲሞቅ ሰው በፕላን ይገዛል። አልሚው በአዲሱ ገዢ ገንዘብ የድሮውን ገዢ ቤት ይጨርሳል። አዲስ ገዢ ሲጠፋ ግንባታው ባለበት ይቆማል። ቻይና ውስጥ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ የነበረበት ኤቨርግራንድ የተባለ የቤት አልሚ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በጥር 2024 የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት ኩባንያው እንዲፈርስ አዘዘ። በመሀል በ2022 በበርካታ ከተሞች ያላለቀ አፓርታማ የገዙ ሰዎች «ቤቱ ካልተሠራ ብድሩን አንከፍልም» ብለው ተነሱ። እኔ አልፈርድባቸውም። በር እንኳን ላልተገጠመለት ቤት ብድር እየከፈሉ፣ ለሚኖሩበት ቤት ደግሞ ኪራይ መክፈል የሰው አቅም አይችለውም። እነሱ ያጠፉት የለም፤ የቆጠቡትን አምነው ሰጡ።

ሰሞኑን ታናሽ እህቴና ባሏ ቤት እያዩ ነው። «አሁን እንግዛ ወይስ እንጠብቅ?» ትለኛለች። ዋጋው የታች ታች የሚደርስበትን ቀን ማንም አያውቀውም፤ እሱን ልንገርሽ አላልኳትም። ያልኳት ሌላ ነው። ደላላውን «ስንት ነው?» አትበይው። «እዚህ ሰፈር መጨረሻ የተሸጠው ቤት በስንት ተሸጠ? ከመሸጡ በፊትስ ስንት ወር ቆየ?» በይው። በሰፈሩ ለሽያጭ የቀረቡት ቤቶች ስንት እንደሆኑ፣ በወር ስንቱ እንደሚሸጥ ጠይቂ። ስድሳ ቤት ቀርቦ በወር አሥር ከተሸጠ የስድስት ወር ክምችት አለ ማለት ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች ይህን ለሻጭም ለገዢም የተመጣጠነ ገበያ ይሉታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 አጋማሽ ክምችቱ ወደ 12 ወር ገደማ ደርሶ ነበር። እንዲያ ሲሆን የመደራደር ጉልበቱ የገዢ ነው። ደግሞ ያለቀ ቤት ግዢ፣ በእጅሽ የምትነኪውን። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሥራ ቢያጣ ቀሪው ብቻውን የሚከፍለው ብድር ይሁን። ቶሎ የምትለቁት ከሆነ ደግሞ አትግዙ፤ ተከራዩ።

ትናንት ደውላ ነበር። ደላላውን እንዳልኳት ጠይቃዋለች። ሰውየው ስለተሸጠው ትቶ ገና ስላልተሸጡት ቤቶች ሲያወራላት ቆየ። ቅዳሜ ወደ ሌላ ደላላ ሊሄዱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማታ ማታ በሰፈሩ እየዞሩ መብራት የሚበራባቸውን ቤቶች ሊያዩ አስበዋል።