ሲወርድ ደረቅ፣ ሲወጣ እርጥብ

መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሳ ስትመጣ ጋራዡ ውስጥ ማንም ሊነካት አልፈለገም። የ1996 ሞዴል ላንድክሩዘር ኤችዜድጄ 75 ናት፤ ረጅሟ፣ ኋላዋ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ያላት፣ 4.2 ሊትር ናፍታ ሞተር፣ ፊትም ኋላም ባሌስትራ። ቱሪስት ጭና አፋር፣ አሳሌ የጨው ሜዳ ድረስ ወርዳ ትመለሳለች። ለሞተሯ እንከን አይወጣለትም። ጣጣው የፊት ግራ ጎማ ላይ ነው፦ ጥቁርና ቀጭን ፈሳሽ ከናክሉ ኳስ፣ ማለትም ጎማው ከመሪው ጋር ከሚዞርበት የአክስሉ ክብ ጫፍ፣ እየወረደ የሪሙን ውስጠኛ ጎን ያለብሰዋል። ሲያሸቱት የዲፈረንሻል ዘይት ነው።

በዚህ ዓይነት አክስል ላይ ሁለት ሲሎች (ፈሳሽና ቆሻሻ የሚከለክሉ ቀለበቶች) አሉ፤ ሥራቸው ለየቅል ነው። የአክስሉ ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ከኳሱ ውስጥ የሚቀመጠው የውስጡ ኦይል ሲል የዲፈረንሻሉን ዘይት ናክሉ (ኳሱን አቅፎ ጎማውን ይዞ የሚዞረው ብረት) ውስጥ ካለው ግሪስ ይለያል። የውጪው ደግሞ ከኳሱ ጀርባ በሁለት ግማሽ ብረቶችና በ8 ቡሎን የሚታሰር፣ ከጎማና ከፌልት የተሠራ መጥረጊያ ነው፤ መሪው ሲዞር የኳሱን ፊት እየጠረገ ጭቃና አቧራ ይከለክላል። ዘይት ለመያዝ አልተሠራም፤ የሚይዘው ወፍራም ግሪስ ነው። ስለዚህ ከኳሱ ላይ ቀጭን ዘይት ሲወርድ ካዩ ጥፋተኛው የውጪው ሳይሆን የውስጡ ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ ግን የሚታየውን ይቀይራል። በመጀመሪያው ጊዜ የሆነው ይኸው ነበር፤ የውጪው መጥረጊያ ተቀየረ፣ ኳሱ ተወለወለ፣ መኪናዋ ወጣች። ሁለት ሳምንት አልቆየችም።

በሁለተኛው ጊዜ የውስጡ ሲል ተቀየረ። ሥራው ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ አለቀ። ይህ ፍጥነት ራሱ ሊያጠራጥር ይገባ ነበር፤ አንዱን ጎን በወጉ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ለክቶ መግጠም ለአንድ መካኒክና ለአንድ ረዳት የሙሉ ቀን ሥራ ነው። አንድ ጉዞ ሄዳ መጣች፤ ያው ነው፣ እንዲያውም ባሰባት።

በሦስተኛው ጊዜ የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ሹፌሩን ጠራው።

«ስትወርድ ነው የሚያፈሰው ስትወጣ?»

ሹፌሩ ትንሽ አሰበ። «ጋሼ፣ ስንወርድ ደረቅ ነው። ጨው ሜዳው ላይም ደህና ነው። ስንመለስ አዋሽን አልፈን ሽቅብ ስንይዝ ነው እንጂ የሚጀምረው። አዲስ አበባ ስንገባ ጎማው ጠቁሮ እናገኘዋለን።»

አንጋፋው ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቀም። መኪናዋ ከመንገድ የገባች ገና ሞቃት ነበረች። ከሥር ገብቶ የፊት ዲፈረንሻሉን የዘይት መሙያ ቡሎን በቀስታ ላላ አደረገው። ሦስተኛው ጥርስ ላይ ሲደርስ «ፍሽሽ» አለ፤ ልክ የታሸገ አምቦ ውኃ ሲከፈት እንደሚለው። ረዳቱ በሁለተኛው ጥገና ላይ የነበረ ልጅ ነው። ድምፁን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ አየና ዝም አለ። ዲፈረንሻል መተንፈስ አለበት እንጂ አየር ሊቋጥር አይገባውም።

መተንፈሻዋ ከአክስሉ ቱቦ አናት ላይ የተቀበረች፣ የኮት ቁልፍ የምታህል ባርኔጣ ያላት ትንሽ ነገር ናት። ጤነኛ ስትሆን ባርኔጣዋ በጣት ሲነኳት ትዞራለች፣ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ግፊት ሲበዛ ከፍ ብላ አየር ታስወጣለች፣ ከላይ የሚረጭ ውኃ ግን እንዳይገባ ትዘጋለች። የዚህችኛዋ በካትራሜ ተጠርቅማ ተገኘች። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ የአሳሌ ጨው ሻንሲ ስለሚበላ የመኪናዋ ባለቤት ከሥር ሙሉ በሙሉ ካትራሜ አስረጭቶ ነበር፤ የረጨው ልጅ መተንፈሻዋን በቴፕ አልሸፈናትም። ካትራሜው ላይ አቧራ ተለጠፈበት፣ አቧራው ላይ ጨው። በካቻቪቴ ሲፋቅ እንደ ጡብ ነው የሚፈረፈረው።

ሹፌሩ የተናገረው ነገር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። አሳሌ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ልዩነት የውጪው አየር ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። መተንፈሻው ከተደፈነ ቆላ ላይ የታፈነው አየር ደጋ ሲወጣ ወደ ውጪ ይገፋል። በዚያ ላይ ሙቀት አለ፤ 20 ዲግሪ የነበረ ዘይት 80 ዲግሪ ሲደርስ በዝግ ቦታ ያለው አየር ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። አየሩ መውጫ ሲያጣ በደካማው በር ይወጣል፤ ደካማው በር ደግሞ ሲሉ ነው። አክስሉ በሲሉ በኩል እየተነፈሰ ነበር ማለት ነው፣ በተነፈሰ ቁጥር ዘይት ይተፋል።

ሲወርድና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሹፌሩ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ከጨው ሜዳው እንደወጣ መጀመሪያ ያገኘው ላቫጆ ላይ መኪናዋን ከነትኩሳቷ ያሳጥባል። ጨውን ቶሎ ማጠብ ልክ ነው። ነገር ግን የጋለ አክስል ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በከፍተኛ ግፊት ሲለቀቅበት ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በዚያው በሲሉ በኩል ከውጪ ያለውን ሁሉ ይስባል። ዘይቱ ሲፈስ እንደ ማኪያቶ ነጣ ብሎ ወረደ፤ ውኃ ገብቶበታል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመታጠቧ በፊት ግማሽ ሰዓት ቆማ ትቀዝቅዝ፣ የውኃው ቱቦም ሲልና መተንፈሻ ላይ በቀጥታ አይደገን።

ከዚህ በኋላ መፍታት ተጀመረ። የፍሪ ዊሉ (ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) ክዳን 6 ቡሎን፣ ከዚያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ስናፕ ሪንግ (እሷን ረስቶ የሚጎትት አለ)፣ ከዚያ የሀቡ (የጎማው እምብርት) 6 ዳዶ። ዳዶዎቹ ሥር ሾጣጣ ዋሸር አለ፤ በካቻቪቴ ከመቆፈር ይልቅ ሀቡን ዙሪያውን በነሐስ ዘንግ መታ መታ ሲያደርጉት ራሱ ይዘልላል። የኩሽኔታው መቆለፊያ ዳዶ 54 ሚሊሜትር ነው። ቡሶላው የሌለው ጋራዥ በመሮና በመዶሻ ይመታዋል፤ የዚህች መኪና ዳዶ ጠርዙ ተቀጣቅጦ ነበር፣ ተቀየረ። ካሊፐሩ በሽቦ ሻንሲ ላይ ታሰረ፣ በፍሬኑ የጎማ ቱቦ ተንጠልጥሎ አይቀርም። ሀቡ የሚሽከረከርበት ስፒንድል በ8 ቡሎን ይፈታል። ከዚያ ዘንጉ ከነሲቪ ጆይንቱ ሲወጣ፣ ከጆይንቱ ጠፍጣፋ ጎኖች አንዱን ወደ ላይ አዙሮ መሳብ ነው እንጂ ካልመጣ ብሎ መታገል አያስፈልግም።

ናክሉ ውስጥ ግሪስ መሆን የነበረበት እንደ ሾርባ ሆኗል። ዘይቱ ግሪሱን አቅጥኖታል፣ የቀጠነው ወደ ታች ወርዷል፣ የላይኛው የናክል ኩሽኔታ ያለ ቅባት ቀርቶ ዝጓል። የታችኛው እንደ አዲስ ነው። ሹፌሩ «ሰባ ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል» እያለ ጎማ ባላንስ ሲያስደርግ የከረመው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሲሉ። የተቀየረው ሲል ገና አዲስ ነው፤ ከንፈሩ ግን ከታች በኩል ጥፍር በምታህል ቦታ ተቀዷል። ረዳቱ ራሱ ነገሩን ተናገረ፦ ዘንጉን ሲመልሱ ክብደቱን አዲሱ ሲል ላይ አሳርፈው ጥርሱን እየፈተጉ ነበር ያስገቡት። ዘንጉ ከነጆይንቱ ከባድ ነው፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ተሸክሞ፣ ጥርሱ ሲሉን ሳይነካ መሐል ለመሐል አሳልፎ፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ እስኪገጥም ድረስ ክብደቱን መልቀቅ የለበትም። የሲሉ ከንፈር አስቀድሞ ግሪስ ይቀባል፤ ደረቅ ከገባ መጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ይቃጠላል።

ሌላም ነገር አለ። ሲሉ የሚያርፍበት የዘንጉ ቦታ ላይ ጥፍር ሲሳብበት ያዝ የሚያደርግ ቀጭን ጎድጓዳ መስመር ነበር፤ የዓመታት ሲል የበላው። እንዲህ ያለ ዘንግ ላይ አዲስ ሲል በድሮው ቦታ ቢገጠም ከንፈሩ እዚያው መስመር ውስጥ ይገባል። መላው ሲሉን ከቀድሞው 2 ሚሊሜትር ያህል ወጣ አድርጎ፣ ቀጥ ማለቱን አረጋግጦ መትከል ነው፤ ከንፈሩ ያኔ ንጹሕ ብረት ያገኛል። መስመሩ ሰፊ ከሆነ ግን ቀጭን የብረት እጅጌ ማልበስ ወይም ዘንጉን መቀየር ይሻላል። ያገለገለ ኦሪጅናል ዘንግ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ያገለገለ ሲል ግን ማንም ቢሰጥ አይወሰድም።

ኩሽኔታዎቹ ላይ ብዙ ሰው አሮጌውን ግሪስ ሳያጥብ አዲስ ይደርብበታል። ይህ ቆሻሻ ላይ ቅቤ መቀባት ነው። ሁሉም በናፍታ ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ ከዚያ ነው የሚሞላው፤ ለጆይንቱና ለናክሉ ሞሊብዲነም ያለበት ቁጥር 2 ሊቲየም ግሪስ፣ ለጎማ ኩሽኔታ ተራ ቁጥር 2 ሊቲየም። ናክሉ ሦስት አራተኛው ያህል ይሞላል፤ ጢም ብሎ ከተሞላ ሲሞቅ ራሱ የውጪውን መጥረጊያ ይገፋዋል። ከናክሉ ላይና ታች የወጡት ሺሞች (ክፍተት የሚያስተካክሉ ስስ ብረቶች) ደግሞ ለየብቻ በሽቦ ታስረው መቀመጥ አለባቸው። ከተቀላቀሉ ናክሉ ከመሐሉ ይወጣል።

አንጋፋው ለመለካት ያወጣው መሣሪያ ረዳቱን አሳቀው፤ ገበያ ላይ ቡና የሚመዘንበት የመንጠቆ ሚዛን ነበር። ዘንጉና የውጪው መጥረጊያ ሳይገቡ፣ ናክሉ ብቻ ታስሮ፣ የክንዱ ዳዶዎች 95 ኒውተን ሜትር ገደማ ከጠበቁ በኋላ፣ ሚዛኑ የመሪው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ተንጠለጠለና ተሳበ። ናክሉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ከ3 እስከ 6 ኪሎ ማሳየት አለበት። መጀመሪያ ሁለት እንኳን አልሞላም፤ የ0.1 ሚሊሜትር ሺም ወጣለት፣ አራት ተኩል ሆነ። የጎማ ኩሽኔታውም እንዲሁ፦ የውስጠኛው ዳዶ 59 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ ሀቡ ግራ ቀኝ ብዙ ጊዜ ይዞራል፣ ዳዶው ይላላል፣ እንደገና በቀስታ ይያዛል፤ ሚዛኑ የጎማ ቡሎን ላይ ታስሮ ሲሳብ ከ2.8 እስከ 5.7 ኪሎ ውስጥ መግባት አለበት። የውጪው መቆለፊያ 64 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ ልኩ ስለሚለወጥ እንደገና ይለካል። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ አለ፤ እጁ የሚያውቀው የላላውን ነው፣ የጠበቀውን የሚያውቀው ኩሽኔታው ሲቃጠል ነው።

መተንፈሻዋ ራሷ አልተመለሰችም። ጥርሷን ናሙና ይዞ የሄደው ረዳት የቱቦ አፍ ያለው መግጠሚያ አገኘ፤ ከዚያ ላይ ዘይት የሚችል ጎማ ቱቦ ተነስቶ ኮፈን ሥር፣ እስከ ሞተር ክፍሉ ግድግዳ አናት ድረስ ወጣ። ጫፉ ላይ ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ ተደረገ። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞርና ባሌስትራው ሲለቀቅ ቱቦው እንዳይወጠር ትርፍ ተትቶለታል፤ ይህን የማያደርግ ሰው የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ቱቦውን ይነቅላል። የኋላው መተንፈሻም ሲታይ ካትራሜ ነክቶታል፣ እሱም ተቀየረ። ካምቢዮና ትራንስፈሩ ደህና ነበሩ። ፊት ወደ 3 ሊትር ገደማ አዲስ 80-90 የዲፈረንሻል ዘይት፣ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪንጠባጠብ ድረስ።

ሹፌሩ ፍሪ ዊሉን ዓመቱን ሙሉ ሎክ ላይ እንደሚተወው የታወቀው ሲረከብ ነው። አስፋልት ላይ ሎክ ሆኖ ሲሄድ የፊት ዘንጎችና ዲፈረንሻሉ በከንቱ ይዞራሉ፣ ይሞቃሉ፣ ሲሉም ያለ ሥራ ይበላል። አስፋልት ላይ ፍሪ፣ አሸዋና ጭቃ ላይ ሎክ፤ ሁልጊዜ ፍሪ ሆኖ እንዳይደርቅ ደግሞ በወር አንዴ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ተቆልፎ ይነዳ።

ለሙከራ ደብረ ብርሃን ደርሳ ተመለሰች፤ ሀቡ ላይ መዳፍ ተለጥፎ ይቆያል፣ ለብ ከማለት አላለፈም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሹፌሩ ከአፋር ሲመለስ ቀጥታ ጋራዡ ገባ፣ ፊቱ ጥሩ አይደለም። «ጋሼ፣ አሁንም ኳሱ ይረጥባል፤ ሁለት ጊዜ ጠረግኩት።»

አንጋፋው ጎንበስ አለ። ሪሙ ደረቅ ነው። ኳሱ ላይ እንደ ቀጭን ቀለም የተለበጠ ግሪስ ብቻ አለ። ጣቱን አስነካና አሸተተው፤ የዘይት ሽታ የለውም።

«እሱን አትጥረገው» አለው። «ኳሱ ከደረቀ መጥረጊያው ይበላል።»