ያልተነቃነቀችው 62

በድሬ ሙቀት ውሃ ከጣሪያ እየተንዶለዶለ ሲፈስ ማየት ያናድዳል። አንድ ጠዋት እኛ ግቢ የሆነው ይኸው ነው። የሳቢያን ሰፈር ልጆች ባልዲ ይዘው በር ላይ ተሰለፉ፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የጥገና ክፍሉን በሙሉ ጠራን።

ነገሩ የምርምር ሥራ ነበር። አንድ የምህንድስና ፕሮፌሰር ከተማሪዎቻቸው ጋር መጥተው የእኛን ታንከር መረጡ። ጣሪያው ላይ የውሃውን ልክ የሚለካ ሴንሰር፣ ጉድጓዱ አጠገብ የፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ በመሀል ሬዲዮ። ገመድ የሚባል ነገር የለም። ውሃው ወርዶ 40 በመቶ ሲደርስ ፓምፑ ይነሳል፤ 95 ሲሞላ ይቆማል። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ የተራራቁት ለሞተሩ ታስቦ ነው። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል። ቶሎ ቶሎ ካስነሱት አይበረክትም።

ሴንሰሩ ውሃ አይነካም። የድሬ ውሃ ምን ያህል ኖራ እንዳለው ማንቆርቆሪያ ያጠበ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከላይ ሆኖ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል።

ያን ጠዋት ስክሪኑ 62 በመቶ ይላል። ታንከሩ ግን ሞልቶ ይፈሳል። ተማሪዎቹ ስሌቱን ጠረጠሩ። የእኛ ሰዎች ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ኮንታክተሩ፣ ተጣብቆ ነው አሉ። ፕሮፌሰሩ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ስክሪኑን ዝም ብለው ያያሉ።

«ይቺ 62 ከመቼ ጀምሮ ናት?»

«አቦ፣ ሌሊት ሻይ ስጠጣም 62 ነበረች» አለ ዘበኛው።

«በቃ፣ ሞታለች!»

ያስረዱን ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ40 ዲግሪ ወደ 355 ይደርሳል። ሙቀቱን የሚያካክስ ነገር ገና አልተገጠመም ነበር። ስለዚህ ውሃው ባይነካ እንኳ ቁጥሩ ከሌሊት እስከ ረፋድ ትንሽ መንቀሳቀስ ነበረበት። ፓምፑ እየሞላማ ጭራሽ!

ጣሪያ ወጣን። በክረምቱ ዝናብ የፋፋው የኒም ቅርንጫፍ ትንሹን የሶላር ፓኔል ጋርዶታል። ባትሪው አልቆ ሬዲዮው ጠፍቷል። መቆጣጠሪያው ደግሞ አዲስ መልእክት ካልመጣ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ እንዲቀጥል ነው የተሠራው። ቁጥሩ ደርቆ የቀረው ፓምፑ እየሠራ ሳለ ስለነበር ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ። ቆሞ ቢሆን ኖሮ በጥም ነበር የምናልቀው።

አንዱ ተማሪ «መልእክት በቀረ ቁጥር ፓምፑ ወዲያው ይቁም» አለ። ይሄ ለወረቀት ይመቻል። ሬዲዮ አንድ ሁለት መልእክት መጣሉ የተለመደ ነው፤ በዚያ ሂሳብ ሞተሩ ሲነሳና ሲወድቅ ሊውል ነው። ፕሮፌሰሩ መሀሉን ያዙ። ለጥቂት ደቂቃ የድሮው ቁጥር ይሠራል፤ ከዚያ ካለፈ ፓምፑ ይቆማል፣ ደወል ይጮኻል።

ደወል ያልሰማ ዘበኛ ስንት አይቻለሁ። «ታንከሩ ላይ ተራ ተንሳፋፊ ማጥፊያ ገጥመን በገመድ እስከ ፓምፑ እናውርደው» አልኩ።

ተማሪው ተገረመ። «የምርምሩ ርዕስ ገመድ አልባ ነው እኮ!»

«ርዕሱን ለእኔ ተወው» አሉት ፕሮፌሰሩ። «አንተ ገመዱን ጎትት።»