ነዋሪው ሳይወጣ ያደስነው የድሮ ቤት

ጉለሌ ውስጥ ያለ የድሮ የመኳንንት ቤት ነው። ምድሩ ድንጋይ፣ ፎቁ ጭቃ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና የቀበሌ ቤት ሆነ። ሳሎኑ በኮምፔርሳቶ ተከፋፍሎ ቤተሰቦች ገቡበት።

እድሳቱን ስረከብ ብዙ ሰው "ነዋሪውን አስወጥተህ በሰላም ሥራ" አለኝ። አልተቀበልኩም። ለእድሳት ተብሎ የወጣ ደሃ ተመልሶ ለመግባቱ ምን ዋስትና አለው? ስለዚህ ቤቱን በየተራ አደስነው፤ የአንዱ ክፍል ሲፈርስ ቤተሰቡ ጎረቤት ይጠጋል።

መጀመሪያ የያዝነው ውሃውን ነው። ከሁሉም በላይ የጠቀሙኝ በቤቱ ያረጁ አንዲት እናት ናቸው። "ልጄ፣ ጣራውን ተወው፤ ውሃው የሚገባው በዚህ ነው" ብለው የበረንዳውን ጥግ አሳዩኝ። እውነትም አሸንዳው ተበስቶ ግድግዳው ላይ ይፈስ ነበር።

ግድግዳው ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተለስኗል። በመዶሻ ነካ ስናደርገው ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገሽልጦ ወረደ። ከኋላው ጭቃው እርጥብ ነው፤ የጥዱ ቋሚ ግርጌ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፣ የታፈነ እርጥበት ግን ይጨርሰዋል። ሲሚንቶ ደግሞ ጭቃን አያስተነፍስም። የበሰበሰውን ቆርጠን በአዲስ ጥድ ቀጠልን፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ የቦካ ጭቃ መረግን፣ ላዩን ኖራ ቀባን። የጭቃ ቤት የምታድሱ ሰዎች፣ እባካችሁ ሲሚንቶውን ተዉት።

ማእድ ቤትና ሽንት ቤት ግቢው ውስጥ ለብቻ ሠራን፣ ለየቤተሰቡ በየቁልፉ። የእንጨት ወለል ላይ ውሃና ጭስ ማከማቸት ቤቱን መግደል ነው። ኮምፔርሳቶውን በጂፕሰም ቦርድ ተካን፤ ነገ ቢነሳ የድሮውን ኮርኒስ አይጎዳም። በሮቹንና መስኮቶቹን አልነካንም።

ፈቃዱ ጊዜ ይበላል። ቅርስ የሆነ ቤት በአዋጅ 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይታደስም። ቢያደክምም አስፈላጊ ነው፤ ሁሉም እንደፈለገ ቢያፈርስ የሚተርፍ ቤት አይኖርም።

አሁን የሚያሳስበኝ ጥገናው ነው። የቀበሌ ኪራይ ለሚስማር እንኳን አይበቃም። ነዋሪዎቹ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ማዋጣት ጀምረዋል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት አሸንዳ ይጠርጉበታል። መንግሥትም ከኪራዩ የተወሰነውን እዚያው ቤት ላይ ቢያውለው ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች ይተርፋሉ።