ቆጣሪው

በሜሪላንድ በአንድ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ በረራ ሳስተምር የገጠመኝ ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ተማሪዬ ጋሼ የምላቸው፣ አርባውን ያለፉ የታክሲ ሹፌር ነበሩ። ስድስት ቀን ይነዳሉ፤ በሰባተኛው ይበርራሉ። የምንበርርባት ትንሽ አውሮፕላን፣ የሴስናዋ፣ ቆጣሪ ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ በየ6 ደቂቃው አንድ ቁጥር ይዘላል። አውሮፕላኑ በሰዓት 180 ዶላር፣ እኔ 60፤ ያቺ አንዲት ቁጥር 24 ዶላር ናት። በሙያው ለመቀጠር የሚያበቃው ፈቃድ 250 ሰዓት ይጠይቃል። አየር መንገድ ለመግባት ደግሞ አብዛኛው ሰው 1,500 መሙላት አለበት። ሕጉን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰው ያለቀበት አደጋ ነው፤ የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ግን ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። እኔም የራሴን 1,500 የምሞላው እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች በሚከፍሉት ገንዘብ ነበር።

ያን ቀን ማኮብኮቢያው ጫፍ ቆመን፣ የሞተሩን ዙር 1,800 አድርሰን ማግኔቶ፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡትን ሁለት መሣሪያዎች፣ እንፈትሻለን። ቁልፉ ወደ አንዱ ሲዞር ሌላው ይጠፋል፤ ዙሩም በጥቂቱ ይወርዳል። ቁልፉን ወደ አንዱ አዞሩ፣ መለሱ፣ ወደ ሌላው አዞሩ፣ መለሱ።

"ደህና ነው" አሉ።

"ዙሩ ስንት ወረደ፣ ጋሼ?"

"ትንሽ ነው።"

"ትንሽ ማለት ስንት ነው?"

ዝም አሉ። ዓይናቸው ቆጣሪው ላይ ነበር። "እስቲ ይድገሙት" አልኳቸው። ሲደግሙት ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፤ ዙሩ ከተፈቀደው 150 አልፎ ወረደ። ካንዴላው እንዲጸዳ ነዳጁን አቅጥነን ብንሞክርም አልሆነም፤ ተመለስን። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ አሳየን። ጫፉ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ከነዳጁ የመጣች የእርሳስ ማዕድን ጠጠር ተሰክታለች።

ሒሳብ መክፈያው ጋ 96 ዶላር ተባሉ። ብልሽቱ የአውሮፕላኑ እንጂ የእሳቸው አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። መልሱ "ቆጣሪው ዞሯል" የሚል ብቻ ነበር። ብልሽት ያገኘን ተማሪ ማስከፈል፣ ሌላ ጊዜ አይተህ እንዳላየህ እለፍ ብሎ ማስተማር ነው፤ ይህንንም ለሒሳብ ተቀባዮቹ ነገርኳቸው። የእኔን 24 ዶላር ለጋሼ ተውኩላቸው፤ 72ቱን ግን ከኪሳቸው በአምስትና በአንድ ዶላር ኖት ቆጥረው ከፈሉ። አውሮፕላኑ ከመሬት ስላልተነሳ በመዝገባቸው ላይ የምጽፍላቸው አንድም የበረራ ደቂቃ አልነበረም።

ደጅ ስንወጣ ያለ ቁጣ ጠየቁኝ። "ባታስደግመኝ ኖሮ በርረን እንመለስ ነበር፤ ሰዓቱም ይመዘገብልኝ ነበር። አይደል?"

"ምናልባት" አልኩ።

የሚያሳስበኝ ይህ መልሴ ነው። ሞተሩ ሁለት ማግኔቶ ስላለው በእርግጥም በሰላም እንመለስ ይሆናል። ደግሞ እኔም ሰዓት ፈላጊ ነበርኩ፤ ወደ ኋላ ስንመለስ ሆዴ ውስጥ የተሰማኝ ንዴት ከእሳቸው አያንስም ነበር። አስደግሜያቸዋለሁ፤ ነገር ግን ደስ ብሎኝ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከመነሳታችን በፊት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የፍተሻውን ቅደም ተከተል ሦስት ጊዜ በቃል ወጣነው። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ትንሽ ወረቀት ለጠፍኩ።

"ታክሲዬ ውስጥ እንዲህ ብሸፍነው ተሳፋሪው ይከሰኛል" አሉ። ቀጠሉና "ከወረቀቱ ሥር ግን እየሄደ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እየሄደ ነው፣ ጋሼ።"

እጃቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው የዙር መቁጠሪያውን ትኩር ብለው አዩ። ወደ ግራው ማግኔቶ አዞሩና "70 ወረደ" አሉ፤ መለሱት፣ ወደ ቀኙ አዞሩ፣ "80።"