«ሪከርደሩን አጥፊውና ላውራሽ»

ማስተርሴን ከጨረስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም ግን ሰው «ጥናትሽ ስለ ምን ነበር?» ሲለኝ አጭር መልስ የለኝም። ረጅሙ ይሄውላችሁ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ለማታውቁኝ፣ ጅማ ሀይስኩል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ማስተርሴን የተማርኩት ሌላ ከተማ በክረምት ፕሮግራም ነው፣ የት የሚለው ይቅር፣ ትንሽ ማማረሬ ስለማይቀር። ርዕሴ ተማሪዎች በስፒኪንግ ክፍለ ጊዜ ለምን ዝም ይላሉ የሚል ነበር። በየቀኑ የማየው ነገር ነው፣ 70 ምናምን ልጅ በተጠቀጠቀበት ክፍል «በግሩፕ ተወያዩ» ስትል ክፍሉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ገበያ ይመስላል፣ «እሺ ማነው በእንግሊዝኛ የሚነግረን?» ስትል ግን ዝንብ ስትበር ይሰማል። ልጆቹ'ኮ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ነው የተማሩት፣ ከተማ ውስጥ በአማርኛ የተማሩም አሉ፣ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ወስደውታል፣ 9ኛ ሲገቡ ግን ባዮሎጂውም ሂሳቡም ባንዴ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ዝምታውን ነበር።

መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ መጠይቅ ልበትን አልኩ። ለሙከራ ለ30 ልጆች ሰጠሁ። «እንግሊዝኛ መናገር ያስደስተኛል» የሚለው ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል «በጣም እስማማለሁ»። ያው እነዛው ዝም የሚሉት ልጆች! አንዱማ ከላይ እስከታች ምልክቱን እንደ እባብ እያጠማዘዘ ነው የሞላው። እሱ ልጅ ነው በእውነት ወደ ኳሊቴቲቭ፣ ከቁጥር ይልቅ የሰውን ቃል ወደሚያጠናው ዘዴ፣ የመራኝ፣ እግዜር ይስጠው። ዲፓርትመንት ውስጥ ያሉ ሰዎች ግን «ቁጥር የሌለው ጥናት ምኑን ጥናት ነው፣ ወሬ መሰብሰብ አይደል እንዴ» ይሉኝ ነበር። ወሬ መሰብሰብ ቀላል መስሏቸው።

ኮንሰንት ፎርም የሚባል ነገር አለ። ተሳታፊው ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ አንብቦ፣ በፈለገ ሰዓት ማቋረጥ እንደሚችል አውቆ ይፈርማል። የተፈጠረው ሰውን ለመጠበቅ ነው፣ አልቃወመውም። ግን እኛ ጋ ፊርማ ምን እንደሆነ አስቡት እስኪ። ፊርማ ማለት ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል ማለት ነው፣ ዋስ ሆኛለሁ ማለት ነው፣ ንብረት ተረክቤያለሁ ቢጠፋ ከደሞዜ ይቆረጥ ማለት ነው። ልጆቹ 18 ስላልሞላቸው ወላጅ መፈረም ነበረበት፣ አንዷ እናት መርካቶ ሽንኩርት የሚሸጡበትን ለጎረቤት አስጠብቀው ግማሽ ሩጫ መጡ፣ መቀነታቸው እንኳን በደንብ አልታሰረም፣ «ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ በር ላይ እንደቆሙ። ምንም አላጠፋም እናቴ፣ ለጥናት ነው አልኳቸው። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ታዲያ ካላጠፋ ለምን እፈርማለሁ?» መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ቢሮ ካለች አንዲት ልጅ ጋር ሆነን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አስረዳናቸውና ፈረሙ፣ ሲወጡ ግን ልጃቸውን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገውት ነው የሄዱት፣ ለማንኛውም ብለው መሰለኝ።

አስተማሪዎቹ ደግሞ ባሱ። በተለይ አንድ ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩ ሰው፣ ጋሼ ልበላቸው እዚህ፣ «መቅዳቱን ቅጂ፣ እኔ ግን ወረቀት አልፈርምም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ውጤት ታስታውሱታላችሁ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ የሆነበት። ከዛ ወዲህ አስተማሪን ቁጭ አድርጎ «እንዴት ነው የምታስተምረው?» ማለት ግምገማ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አድቫይዘሬ፣ ጥናቴን የሚያማክረኝ መምህር፣ ፈቃዳቸውን በቃል ቅጂ ይበቃል ስላለኝ በቃል ተቀዳ።

ኢንተርቪው ያደረግናቸው ስታፍ ሩም ነው። ቴክኖ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ጋሼ ስልኩን ሱፐርቫይዘር ከኋላ ወንበር እንደተቀመጠ አድርገው ነው የሚያዩት። ከዛ ጀመሩ። «ተማሪ ተኮር ዘዴ እንጠቀማለን። ፔር ወርክ አለ። ግሩፕ ወርክ አለ። ተማሪው በንቃት ይሳተፋል።» 25 ደቂቃ ሙሉ ሌሰን ፕላን ሲነበብ ሰማሁ በቃ። ከዘጠኙ አስተማሪዎች ሰባቱ እንደዚሁ ነበሩ፣ ቃላቸው ሳይቀር አንድ ነው፣ ሁላችንም አንድ ሥልጠና ላይ ስለተቀመጥን።

ይሄ የኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ላቦቭ የሚባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሰው በ1972 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፣ ሰው ሳይታይ እንዴት እንደሚናገር ማወቅ እንፈልጋለን፣ ማወቅ የምንችለው ግን እያየነው ብቻ ነው ይላል። የሱ መላ ምን ነበር መሰላችሁ፣ የኒውዮርክ ሰዎችን «አለቀልኝ፣ ሞትኩ ያልክበት ቀን አለ?» ብሎ መጠየቅ። ሰውየው ትዝታው ውስጥ ሲገባ አነጋገሩን መጠበቅ ይረሳል። እኔ ሞትን ትቼ ለተማሪዎቹ «እንግሊዝኛ ያዋረዳችሁ ቀን አለ?» አልኳቸው። ወይ ጉድ! ያ ዝም የሚል ሁሉ አፉ ተከፈተ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ 9ኛ እያለች በሁለተኛው ሳምንት ፓሴጅ አንብቢ ተባለች፣ «አይላንድ» የሚለውን እንደተጻፈው «ኢስላንድ» ብላ አነበበችው። በቃ። ስሟ ኢስላንድ ሆነ። «እስካሁን ኢስላንድ ነው የሚሉኝ፣ ሻይ ቤት እንኳን» አለች እየሳቀች፣ ከዛ ሳቋ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ከዛ ቀን ወዲህ እጅ አውጥታ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር ታሪኩን ስትነግረኝ እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ ክፍሌ ውስጥም ልጆች ሲስቁ አብሬ የሳቅኩበት ቀን አለ፣ ሜትዶሎጂ ቻፕተሬ ላይ ይሄን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

«ሙድ ይይዙብኛል» ይላሉ ልጆቹ። ሦስት ፎከስ ግሩፕ፣ በቡድን ቁጭ አድርጌ ያነጋገርኳቸው፣ ነበረኝ፣ በአጠቃላይ 18 ልጅ፣ ሦስቱም ጋ ይቺው ቃል ናት። እኔ ምን አደረግኩ፣ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ከመጽሐፍ ባገኘሁት «ፒር ሪዲክዩል»፣ የእኩዮች ማላገጥ፣ ብዬ ኮድ፣ ያው ለሃሳቡ አጭር መለያ ስም፣ ሰጠሁት። አድቫይዘሬ አክብቦ «ይሄ የማን ቃል ነው?» ብሎ ላከልኝ። ኢን ቪቮ ኮዲንግ የሚሉት አለ፣ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ለኮድነት መውሰድ። እና ሳስበው ሙድ መያዝና ማላገጥ አንድ አይደሉም'ኮ፣ ሙድ ሲያዝብህ ማንም አልሰደበህም፣ ስትናደድ «ምነው፣ ስንጫወት ነው» ትባላለህ፣ ከተናደድክ ጭራሽ ሌላ ሙድ ይመጣብሃል። መውጫ የለውም። የሚያስቀው ደግሞ ሙድ ራሱ እንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ያ አይችሉም የሚባሉት ልጆች ወስደው እንደፈለጋቸው አድርገው ያረቡት።

በአፋን ኦሮሞ የተናገሩት ደግሞ አንዳንዴ «ሳልፊ» አንዳንዴ «ቃኒ» ይላሉ፣ እኔ ሁለቱንም እፍረት ብዬ አልፌያቸው ነበር። አፋን ኦሮሞ የምታስተምር ጓደኛዬ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ ያቺ የጅማ በርጩማ፣ ሦስተኛው ቡና እስኪደርስ አስረዳችኝ፣ ሳልፊ ዓይን አፋርነቱ ነው፣ ሰው ፊት መሽኮርመሙ፣ ቃኒ ግን ክብርህ ሲነካ ነው፣ ከበድ ይላል። እሷ ስትነግረኝ እንደገባኝ ነው። ትራንስክሪፕቱን፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ የገለበጥኩበትን፣ ከፍቼ ቆጠርኩ፣ ኢስላንድ ቃኒ ነበር ያለችው።

ትራንስክራይብ ማድረግን ለጠላቴም አልመኝለትም። የ40 ደቂቃ ድምፅ ስድስት ሰዓት ይበላል፣ መብራት ካልጠፋ። ኤንቪቮ የሚባለውን፣ እንዲህ ያለውን ዳታ ኮድ የሚያደርጉበትን ሶፍትዌር የምገዛበት ብር ስለሌለኝ ኤክሴልና ሦስት ቀለም ማርከር ነው የሠራልኝ። አንዱ ፎከስ ግሩፕ ሚያዝያ ላይ ነበር፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ አይጠይቅም፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ 17 ደቂቃ ሙሉ ዝናብ ብቻ ነው የቀዳሁት፣ መሃል ላይ አንድ ልጅ «ለዛ ነው'ኮ» ሲል ይሰማል። ለምኑ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ሌላው ያቺ ትንፋሽ ናት። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንላት። እንዴት ተደርጋ ትጻፋለች? እኔ «የስ» ብዬ ስጽፋት ቆየሁ፣ ከዛ ደግሜ ሳዳምጥ ጋሼ ሁለት ዓይነት አላቸው፣ አንዷ እውነት አዎ ናት፣ ሌላዋ «እየሰማሁሽ ነው ቀጥይ» ብቻ ናት። «ተማሪ ተኮር ዘዴው ይሠራል ጋሼ?» ስላቸው የሳቧት ሁለተኛዋን ነው። እኔ ግን አስማምቻቸው ነበር በወረቀት።

ብራውንና ክላርክ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የጻፉት፣ ቲማቲክ አናሊሲስ፣ ከሰዎች ንግግር ቲም ማለትም የጋራ ሃሳብ አውጥቶ መተንተን፣ የሠራ ሁሉ የሚጠቅሳቸው፣ አንድ የሚያናድዳቸው ነገር አለ፣ «ቲሙ ከዳታው ብቅ አለ» ማለት። ዝናብ እንዳገኘ እንጉዳይ ራሱ ብቅ አይልም፣ አንተ ነህ የሠራኸው ነው ነገሩ። እኔም «የአስተማሪው ዘዴ ኋላ ቀር ስለሆነ» የሚል ቲም ቤቴ ሠርቼ ነው ይዤ የሄድኩት፣ ጋሼ ባያፈርሱት ኖሮ እሱኑ አስገብቼ እመረቅ ነበር።

እንዴት አፈረሱት፣ ይሄውላችሁ። ኢንተርቪው ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀሩ ጥያቄዎች አሉኝ ብዬ አጂፕ አካባቢ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና አቀረቡ፣ ጠየቅኩ፣ መለሱ፣ ያው ሌሰን ፕላን። ላመሰግናቸው ስል «ጨረስሽ? በይ ሪከርደሩን አጥፊውና ላውራሽ» አሉኝ። አጠፋሁት። አምና ነው፣ 11ኛ ክፍል፣ «ኮምፈርተብል» ብለው አነበቡ፣ ከኋላ አንድ ከዩቲዩብ የለመደ ልጅ «ካምፍተብል ነው ቲቸር» አላቸው። ልጁ ክፋት የለውም። ክፍሉ ግን «ኡኡኡ!» አለ። «ከዛን ቀን ጀምሮ ግራመር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ ደወል ይደወላል። እነሱ ዝም አሉ ትያለሽ፣ እኔስ የት ነው ያወራሁት?»

ጥናቴ በሙሉ እዛች ጋ ነበር፣ ሪከርደሩ ግን ጠፍቷል። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ልጽፈው ጀመርኩና አጠፋሁት፣ ሌብነት መሰለኝ። «አጥፊው» ያሉት'ኮ እንዳይመዘገብ ነው። አድቫይዘሬን ስጠይቀው «ሰውየውን ጠይቂያቸው፣ እኔን አይደለም» አለኝ። ያኔ ተናድጄበት ነበር።

ሜምበር ቼኪንግ የሚባል አለ፣ ሊንከንና ጉባ በ1985 እ.ኤ.አ. በደንብ ያብራሩት፣ የጻፍከውን ለተናገረው ሰው መልሰህ ታሳያለህ፣ ልክ ነው ወይ ብለህ። በእንግሊዝኛ የተረጎምኩትን ትራንስክሪፕት፣ መጨረሻው ላይ ያቺን ቀን ለብቻዋ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ «ይሄኛውን ካልፈለጉ እቀደዋለሁ፣ ኮፒም የለኝም» ብዬ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ከሦስት ቀን በኋላ መለሱልኝ። በቀይ እስክርቢቶ አርመውታል! ቴንስ፣ አርቲክል፣ አንድ ቦታ «ስፔሊንግ!!» የሚል ሁለት ቃለ አጋኖ ያለው። ሃሳቡን አልነኩም፣ እንግሊዝኛዬን ነው ያረሙት። የመጨረሻዋን ገጽ ግን ቀስ ብዬ ነው የገለጥኳት። ታሪኩ እንዳለ አለ። አንድ ቃል ብቻ፣ እኔ «ፈሩ» ብዬ በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ሰርዘው፣ ከላዩ በአማርኛ፣ በዛ በሰሌዳ ጽሑፋቸው «ይሉኝታ» ብለው ጽፈዋል።

«ልጅ አልፈራም እኔ» አሉኝ። «ይሉኝታ ነው። እንግሊዝኛውን አንቺ ፈልጊለት፣ ማስተርስ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ፈለግኩለት። ዲክሽነሪው የሰጠኝ ሁሉ ወይ እፍረት ነው ወይ ጨዋነት ነው፣ «ይሉኛል» የሚለውን፣ ያልመጣውን ሰው አፍ ቀድሞ የመስማቱን ነገር የያዘ አላገኘሁም። እንዳለ ተውኩት።

ዲፌንስ ቀን፣ ጥናቴን ፈታኞች ፊት ያቀረብኩ ቀን፣ ኤክስተርናሉ፣ ከውጭ የመጣው ፈታኝ፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ያው የሚጠበቀውን ነው፣ ዘጠኝ አስተማሪ እንዴት ይበቃል። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ 12 የምትል ቁጥር ይመዛል፣ ጌስትና ጓደኞቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ከ12 ኢንተርቪው በኋላ አዲስ ነገር ብዙም አልመጣም ስላሉ፣ እነሱ ግን ያሉት ጋናና ናይጄሪያ ስላነጋገሯቸው ተቀራራቢ ሴቶች ነው እንጂ ለጅማ ፈቃድ አልሰጡም፣ እኔ ደግሞ ለማንኛውም 12 የለኝም። 18ቱን ተማሪዎችም ጠቅሼ እንደምንም አለፍኩት። ከዛ ገጽ 71 ላይ ቆመ። «እዚህ አረፍተ ነገር መሃል አማርኛ አለ። ረስተሽው ነው?»

ረስቼው አይደለም አልኩ። ጋሼን ሳልጠራ፣ ስለ ቀዩ እስክርቢቶ፣ ስለ ሙድ፣ ስለ ካምፍተብል አስረዳሁ፣ አሥር ደቂቃ ሳልወስድ አልቀረሁም፣ ድምፄም ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ሰውየው ወረቀቱን እያየ ያቺን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳባት፣ የትኛዋን እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየሁት።

«እሺ» አለ። «ኢታሊክ አድርጊው።»