ከፊደል ተራ መጨረሻ

ትናንት ማታ የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር በፊደል ተራ ስደረድር አመሸሁ። ባሕሩ ዘውዴን «በ» ሥር፣ ታደሰ ታምራትን «ተ» ሥር አስገባሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት ላይ ስደርስ ግን «ረ»ን ትቼ ወደ «ፐ» ወረድኩ። ደንቡ ነው፤ ሐበሻ በራሱ ስም፣ እንግሊዛዊ በቤተሰቡ ስም ይሰለፋል። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እንዲመሠረት የደከሙ ሰው የዝርዝሩ ጭራ ሆኑ። በራሳቸው ስም ቢሆን ከባሕሩም ይቀድሙ ነበር።

ለመሆኑ ፓንክረስት የማን ስም ነው? በእኛ ወግ ብሄድበት፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ማንቸስተር ውስጥ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገለውን ማኅበር ያቋቋሙት የሪቻርድ አያት ኤመሊን «ኤመሊን ሮበርት» ይባሉ ነበር። ዓለም የሚያውቃቸው ግን በባላቸው በጠበቃው ስም ነው። ለሴቶች መብት እንዲያ የታገሉ ሰው የባላቸውን ስም ይዘው መቅረታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷ ስም አብሯት ይዘልቃል።

ሲልቪያ፣ ልጃቸው፣ በዚህ ነገር ቆራጥ ነበሩ። (ወይዘሮ ልበላቸው ወይስ ወይዘሪት?) ከጣሊያናዊው ሲልቪዮ ኮሪዮ እ.ኤ.አ. በ1927 ወንድ ልጅ ወለዱ፤ አላገባም፣ ስሜንም አልለውጥም አሉ። ለልጁም የራሳቸውን ስም ሰጡት። እናታቸው በዚህ ክፉኛ ተቀየሙ፤ በዓመቱም ሞቱ። እንግዲህ በእኛ ደንብ የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊው «ሪቻርድ ሲልቪዮ» ነበሩ ማለት ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። አባትየው ግን የሙሶሊኒ ተቃዋሚ ነበሩ፤ ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1936 ለኢትዮጵያ ብለው የጀመሩትን ጋዜጣም አግዘዋል።

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1956 ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዕለተ መስቀል ነው። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበሩ ደግሞ ሌላ ስም ወጣላቸው፦ ወለተ ክርስቶስ። በዚህኛው ብመዘግባቸው «ወ» ሥር በገቡ ነበር፤ መጻሕፍታቸው ላይ የታተመው ግን ይህ አይደለም።

ስለዚህ እናትና ልጅን እዚያው «ፐ» ሥር፣ ከታች ተወኳቸው። ልጁ ከእናቱ ይቀድማል፤ «ረ» ከ«ሰ» በፊት ናትና።